ክብደት የጨመረው ካልሲየም

ዲላ ባለው ቤተ ሙከራችን ከሁሉም ውዱ ነገር ስድስት ሚሊግራም ነጭ ዱቄት ነበር። ካልሲየም አርባ ስምንት ይባላል። ከአምስት መቶ የካልሲየም አቶሞች መሃል አንድ ቢገኝ ነው። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች አዋሱን፤ ለሦስት ከፍለን፣ መዝነን፣ በብልቃጥ አሽገን ልንመልስላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ዱቄቱን እኔ የፈጠርኩት ይመስል ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ሥራውን የምትሠራው ግን ቴክኒሻናችን ነበረች፤ ይርጋጨፌ ውስጥ የቡና እርጥበት ስትለካ ኖራ ወደ እኛ የመጣች የጌዴኦ ሴት። ሚዛኑ ወዳለበት ክፍል በጫማ መግባት የለም። መንገዱ ላይ አይሱዙ እያለፈ ከሆነ ቁጥር አታነብም፤ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ ከማስተምርበት ክፍል በቀጥታ እገባና ከትከሻዋ በላይ አንገቴን አስግጌ አያለሁ።

"ዶክተር፣ መጀመሪያ ይታጠቡ" ትለኛለች።

ስንት ዓመት የተማርኩት ታጠብ ልባል ነው? እጄን አራገፍ አራገፍ አድርጌ አንገቴን አሰግጋለሁ።

ከፍላ ስትጨርስ የሦስቱ ድምር ሰባት ሚሊግራም ሆነ።

"እናንተ ቸርች ጸሎት ይሠራል ማለት ነው፤ በረከት ወረደ" አልኳት።

አልሳቀችም። ከዚያ እኔም ፈራሁ። ያዋሱንን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ? የፈራ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ተነስቼ "መመዘን አትችልም" አልኩና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድትዛወር ደብዳቤ አስገባሁ። የቀረው የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከክፍል ስወጣ ኃላፊውን ይዛ ጠበቀችኝ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ፕላስቲክ አንጥፋለች።

"ዶክተር፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት እጅዎን እዚህ ላይ ያራግፉ።"

አራገፍኩ። ከእጄም ከእጅጌዬም የጠመኔ ብናኝ ረገፈ። በብሩሽ ሰብስባ መዘነችው፤ አራት ሚሊግራም። ጠመኔም እኮ ካልሲየም አለበት፤ ተራው፣ የትም የሚገኘው። አንዴ ከእኛው ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የትኛውም አሲድ አይለየውም። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ። የተዋስነውን ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ።

ኃላፊው ሲወጣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ይቅርታ፣ እትዬ" አልኳት።

"የከሰሱኝ በሹክሹክታ አልነበረም" አለች ብሩሿን እየጠረገች። "ስብሰባ ላይ ነው። እዚያው ይበሉት።"

በሚቀጥለው ስብሰባ ሁሉም ባሉበት ተነስቼ ደብዳቤዬን መልሼ ወሰድኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። የምቀመጥ መስሎኝ ወንበሬን ስስብ እጇን አወጣች።

"ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ይነበብልኝ።"

ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። እኔም ቆሜ ሰማሁት።