ሰው የሚጠብቅ ከበሮ

ከጎንደር ድንበር ማዶ፣ ዶካ ከተማ ላይ የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች የሆንኩት አስቤበት አይደለም። ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። አገሩ ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ከትልቁ ከተማ ከገዳሪፍ ባንድ መምጣት ሲያቆም ግን ኦርጋንና ላፕቶፕ ያለኝ እኔ ብቻ ሆንኩ። ከበሮውን ላፕቶፑ ይመታል፣ እኔ ዜማውን እጫወታለሁ፣ ሰው ይጨፍራል። ሌላ ምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር።

አንድ ሠርግ ላይ፣ ከጎንደር በኩል ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ ሽማግሌ እስክስታ ሲወርዱ ቆይተው ድንገት ቆሙ። ትንፋሻቸው አጥሯል። ከበሮው ግን ቀጠለ። በአጠገቤ ሲያልፉ፣

«አንች ልጅ፣ ይኸ ነገርሽ ሰው አይጠብቅም እኮ» አሉኝ። «ያገራችን ማሲንቆ መች ትከሻ ሳያይ ይመታል?»

ሄደው ተቀመጡ፤ ዳግመኛም አልተነሡም። ነገሩ አንገበገበኝ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የዋለ ሰው በጭፈራው እንኳ የሚያጣድፈው አለቃ ይጨመርበት? እኚህን ሰው መልሼ ሳላስነሣ አልተውም አልኩ።

ከተሰበረ አሻንጉሊት ውስጥ ንዝረት የምትሰማ ስስ ክብ ብረት አወጣሁ። ባዶ ጀሪካን ላይ አጣብቄ በረጅም ሽቦ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘኋት። ጀሪካኑ አንዴ ሲመታ ዘፈኑ ከነዜማው አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ካልተመታ ዝም ይላል። መጀመሪያ ላይ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚያልፍ ሎሪ መሬቱን ባንቀጠቀጠ ቁጥር ከበሮው ብቻውን ይመታ ነበር። የሱቅ ጎረቤቴ «ይችስ ለየላት» እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ! ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት።

ቀጣዩ የወኪሉ ወንድም ሠርግ ነበር። ወኪሉ ለእርሻዎቹ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ድምፁ ከእኔ ስፒከር የሚበልጥ ሰው ነው። ዳሱ ሞልቶ ሳለ ጀሪካኑን ለታዳሚው ሰጠሁ። ወጣቶቹ ተሻሙበት። ሲቀጠቅጡት ዘፈኑ ይሮጣል፣ ሲያላግጡበት ይንገዳገዳል፤ በሳቅ ሞቱ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጥግ ላይ ከተቀመጡት ከእኚያ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ።

እሳቸው በዝግታ መቱ። ዘፈኑም አብሯቸው ረጋ። ወጣቶቹ አጉረመረሙ። ወኪሉ ሰው እየገፋ መጣ።

«ኸላስ፣ በቃ! የወንድሜን ሐፍላ፣ ድግሱን ለቅሶ አደረግሽው! ወይ አፍጥኝው፣ ወይ ዶካ ላይ ሌላ ሠርግ አትጫወችም!»

ባዶ ዛቻ አልነበረም፤ እሱ ያልገባበት ድግስ የለም። ላፕቶፑ እንደ ድሮው ራሱ እያፈጠነ እንዲመታ አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃኝ ነበር። እጄ እንዳይከዳኝ ብብቴ ሥር ደበቅሁት።

«ከበሮው በእሳቸው እጅ ነው» አልኩት። «ከፈለጉ እሳቸውን ይለምኑ።»

ዞር ሲል ሽማግሌው ጀሪካኑን ታቅፈው እየመቱ ተነሥተዋል። ትከሻቸው ከምታቸው ጋር ሄደ። አንዲት ሴት እልል ብላ ፊታቸው ቆመች፣ በዚያው ዝግታ ወረደችላቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ከዚያ ትንፋሻቸው አጠረ። መምታት አቁመው ላባቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ከበሮው ቆመ። ዳስ ሙሉ ሰው ትከሻውን እንዳነሣ እሳቸውን አየ፤ ወኪሉም ጥርሱን ነክሶ አብሮ ቆመ። ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ይጠብቃል?»

«እስኪያርፉ ይጠብቃል፣ አባቴ።»

ውሃ አስመጡ፤ ሳይቸኩሉ ጠጡ፤ ከዚያ ጀሪካኑን መቱት።