እናትሽ የት አለች?

በኮልፌ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችረው በላይነሽ በልጇ በእሙ ለመጣባት ሰው ምሕረት አልነበራትም። እሙ ሰባት ዓመቷ ነው። አትቀመጥም፣ አትናገርም፤ እጆቿ እንደ ተኮራመቱ ናቸው፤ ሲያጎርሷትም ግማሹ በአገጯ ይወርዳል። ሰፈሩ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር መልስ አያጣም። አንዷ፣ እናትየዋ እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ጋኔን ለክፏት ነው ትላለች። ሌላዋ የአባትየውን ኃጢአት ታነሳለች፤ ሰውየው እንደሆነ ሞቷል፣ ተነሥቶ አይመልስላት።

በላይነሽ ጠበል ለጠበል ስትንከራተት ከርማ በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ፣ ምጡ ስለ ረዘመ ሕፃኗ አየር አጥሯት አንጎሏ እንደተጎዳ፣ የጋኔንም የእርግማንም ነገር እንደሌለበት ነገራት። እጅና እግሯ አይታዘዟት እንጂ ሐሳቧ ደህና ሊሆን ይችላል አለ።

«አናግሪያት» አላት። «መልስ የምትሰጥበት መንገድ አታጣም።»

አላጣችም። እሙ በዓይኗ ትመልስ ጀመር። ማሰሮው የት አለ ሲሏት ማሰሮውን፣ በሩስ ሲሏት በሩን ታያለች። እናትሽ የት አለች ከተባለች ደግሞ በላይነሽ የትም ትቁም ዓይኗ ፈልጎ ያገኛታል፤ ያኔ ፊቷ በሙሉ ይስቃል። በላይነሽ ይህን ለማሳየት ያልጠራችው ጎረቤት የለም። ጨዋታው ከሁሉ ይበልጥ የጣመው ግድግዳ የሚጋራቸው ልብስ ሰፊው ይገዙ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ጎራ ብሎ መቀሱን የት እንደደበቀ ይጠይቃታል፤ እሷም ኪሱን ታያለች። ይቺ ልጅ ከሁላችንም ትበልጣለች እያለ ይስቃል።

በስልሳ ዘጠኝ ይገዙ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ያዘ። መጋቢት ላይ ለአሰሳ ሲባል ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ታወጀ። የበላይነሽ የበኩር ልጅ ተማሪው ጌታቸው ወረቀት በትኗል ተብሎ ይፈለግ ስለነበር፣ ያን ዕለት ከጆንያው ኮርኒስ በላይ፣ የጣራው እንጨት ላይ ተጋድሞ ዋለ። ከተያዘ እንደማይመለስ እናቱም እሱም ያውቃሉ።

ይገዙ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ገባ። ሁለቱ ዕቃ ሲበረብሩ እሱ እሙ ከተኛችበት መደብ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እሙ ጨዋታው መጣልኝ ብላ ሳቀችለት።

«እሙዬ፣ ጌታቸው የት አለ?»

እሙ ዓይኗን ወደ ኮርኒሱ አነሳች።

በላይነሽ ፈጥና መደቡ ፊት ቆመች። «እሷን ብሎ ነጋሪ! ጋኔን የለከፋት በድን ናት እኮ። ቀኑን ሙሉ ጣራው ላይ እንዳፈጠጠች ነው የምትውለው። እኔን እናቷን እንኳ ከግድግዳው አትለየኝም።»

ሌላው ሲለው ስትጣላበት የኖረችውን ቃል ዛሬ በገዛ አፏ ተናገረችው። የእሙ ሳቅ ጠፋ።

ይገዙ ልጅቷን አየ፤ እናትየዋን አየ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«እናትሽስ የት አለች?»

በላይነሽ ፊት ለፊቷ ቆማለች። እሙ እናቷን ካየች፣ የሚባለው ሁሉ እንደሚገባት ታወቀ፤ ኮርኒሱም ተቀደደ ማለት ነው። በላይነሽ ልጇ እንዳታያት በሆዷ አምላኳን ለመነች።

እሙ ግድግዳውን አየች።

ይገዙ ጠመንጃውን አንግቶ ተነሣ። እዚህ ቤት ማንም የለም ብሎ ጓዶቹን ይዟቸው ወጣ።

ጌታቸው በዚያው ሰሞን ገጠር አጎቱ ዘንድ ተሻግሮ ተረፈ። በላይነሽ እሙን አቅፋ አለቀሰች፤ የተናገረችው ውሸት እንደሆነ፣ ወንድሟን ለማትረፍ እንደሆነ ደጋግማ ነገረቻት። እሙ ዛሬም ማሰሮው የት አለ ሲሏት ማሰሮውን፣ በሩስ ሲሏት በሩን ታያለች። ያን ቀን ገብቷት ወንድሟን አዳነችው ወይስ በእናቷ ከፍቷት ነበር? በላይነሽ ሽንኩርቷን ዘርግታ ስታስበው ትውላለች፤ መልሱን ግን አታገኘውም። ከገበያ በገባች ቁጥር ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መደቡ ጫፍ ላይ ትቀመጥና ትጠይቃታለች።

«እሙዬ፣ እናትሽ የት አለች?»

እሙ ግድግዳውን ታያለች።