የገበሬው ንጉሥ ዘር

ማይዳጂ በስድሳ ሁለት ዓመት ዕድሜው አንድ ጣሳ እህል ከገበያ ገዝቶ አያውቅም። ልግዛ ቢልም አይችልም። ከሃያ ዓመት በፊት ሺህ ነዶ ማሽላ ያስገባ ጊዜ የዱማዋ መንደር ሰዎች ከበሮ እየመቱ «የገበሬ ንጉሥ» ብለው ሾሙት። የተሾመ ሰው የዘር ቀን ሲደርስ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ይቆፍራል። የተራበ ደጁ ሲመጣ «የለኝም» አይልም። እህል ሸማች መሀል ከታየማ ሹመቱ ያን ዕለት አበቃ። ዝናቡ ደግ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ ቀላል ነበር።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ ዋሻቸው። አንድ ቀን ዘነበ፤ ማይዳጂ ቆፈረ፤ መንደሩም ተከትሎት ዘራ። ከዚያ ከሃያ ቀን በላይ ጠብታ አልወረደም። ቡቃያው አሸዋው ላይ ተኝቶ ቀረ። አምስት መቶ ፍራንክ የነበረው ጣሳ ማሽላ ዘጠኝ መቶ ገባ። ፍየል ደግሞ ሁሉም ሊሸጥ ስለወጣ ገዢ አጣ። የማይዳጂ ሚስት ታሳላ ሁለት ፍየሎቿን ሩቅ ገበያ ወስዳ በርካሽ ሸጠች፤ የገዛችውንም እህል ማገዶ ውስጥ ደብቃ አስገባች። እሱም አለቀ። ጎተራው ባዶ መሆኑን የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። የቀራቸው ማድቤቱ ጣሪያ ሥር፣ ጭስ ላይ የተንጠለጠለው አንድ ነዶ ዘር ነው።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዴሉ መጣች። የአክስቱ ልጅ ናት፤ በአገሩ ደንብ የአክስትና የአጎት ልጆች ሲሰዳደቡ ቢውሉ ማንም አይቀየምም።

«አንተ ሽማግሌ፣ እስካሁን አልሞትክም?» አለች ከበሩ።

«አንቺን ሳልቀብር? ጥርስሽ አልቆ ምላስሽ ቀረ!»

«ምላሴ ምን አግኝቶ ይላስ? ተው፣ ቀልዱ ይቅር። የልጅ ልጆቼ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የዱር ቅጠል ነው የሚበሉት። ጎተራህን ክፈትልኝ። ወይስ ንጉሡ ቆንቋና ሆነ?» ብላ የጎተራውን ግድግዳ በመዳፏ መታ አደረገችው።

ድምፁ እንደ ከበሮ ጮኸ። ማይዳጂ ሁለተኛ ሳትመታው ዘሎ ተነሳ።

«እዚሁ ቆዪ፤ አመጣልሻለሁ» አለ።

እውነቱን ቢነግራት ምናልባት ስቃበት ታልፍ ነበር። ግን ያቺ «የለኝም» የምትል ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ማድቤት ገባ። ታሳላ የነዶውን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች።

«ይሄ እኮ ዘር ነው» አለች በሹክሹክታ። «ይሄንን አይንኩት።»

«ውጭ ቆማለች፣ ታሳላ።»

«ትቁማ! ነገ ቢዘንብ ምን ልንዘራ ነው?»

«ቀስ በዪ፤ ትሰማሻለች።»

ታሳላ ገመዱን ለቀቀች። ማይዳጂ ነዶውን እንዳለ አውርዶ ለዴሉ ሰጣት።

ዴሉ በመጣች በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። መሬቱ እስኪጠግብ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ዶማና ዘር ይዞ የማይዳጂ እርሻ ዳር ተሰበሰበ። እሱ ሳይጀምር ማንም አይጀምርም።

«ንጉሥ ሆይ፣ ምን ትጠብቃለህ? መሬቱ ሊደርቅብን ነው!» አለ ጎረቤቱ ሰይኒ። «ወይስ ወገብ እምቢ አለ? እናዝልህ?»

ሰው ሳቀ። ዴሉም የራሷን ዘር በቅል ይዛ መሀላቸው ቆማለች።

«ዝም በሉት!» አለች። «የእሱን ማሽላ ባልበላ ይሄን ዘሬን ቆርጥሜው ነበር። እግዜር ጎተራውን ይሙላለት!»

«አሜን!» አሉ ሁሉም።

ማይዳጂ ረጅሙን ዶማ አንስቶ ቆፈረ። አንድ እርምጃ ተራመደና ደግሞ ቆፈረ። ታሳላ በጨርቅ የተሸፈነውን ቅሏን ይዛ እንደ ደንቡ ከኋላው ተከተለች። ቅሉ ውስጥ ምንም የለም።

«ምን ልጨምርበት?» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ጉድጓዱን ዝጊው ብቻ።»

እጇን ወደ ቅሉ ሰደደች፣ ጣቶቿን ገጠመች፣ ጎንበስ ብላ ጉድጓዱ ላይ ከፈተቻቸው። ከዚያ በእግሯ አፈሩን መለሰች። ከኋላቸው መንደሩ እየዘፈነ በየማሳው ተበተነ።

«ማሽላ በአምስተኛው ቀን ይበቅላል» አለች ታሳላ። «ያኔስ?»

 ከጎረቤት ማሳ ሰው እያየው ስለነበር ማይዳጂ ዶማውን አንስቶ ቀጣዩን ጉድጓድ ቆፈረ።