ፈለቀች ቻርለስተንን ያየችበት ሳምንት

የባሌ እህት ፈለቀች አሜሪካ ሄዳ የጎበኘችውን ከተማ እኔም ከአቃቂ ሳልወጣ ጎብኝቼዋለሁ ማለት ይቻላል። እሷ በጋሪና በጀልባ፣ እኔ ጥቁር ለብሼ በስልክ።

ፈለቀች ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አቃቂ በሰቃ ነው። እናቷ ስትሞት ከትምህርት ቤት ወጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች፤ እዚያው ክር ላይ እንደቆመች ጡረታዋ ደረሰ። ትንሽ ወንድሟን ወንድዬን ያሳደገችው እሷ ናት። ሰው ፊት እንኳ “ወንድሜ” ብላው አታውቅም፤ “ልጄ” ነበር የምትለው። እኔ እሱን ሳገባ አማት የለኝም ብዬ ነበር። የት አባቴ! ወጤን ትቀምሳለች፣ የአልጋ ልብሴን ታስተካክላለች፣ “ልጄን ምን አብልተሽው ነው የከሳው?” ትለኛለች። ገላን ኮንዶሚኒየም ወጥቶላት ከሄደች በኋላም ሁለት ታክሲ ይዛ እየመጣች ድስቴን ትከፍት ነበር። እኔም መልስ መስጠት ሰለቸኝና ተውኩት። ክፋት እንደሌለባት አውቃለሁ።

የራሷ ልጅ ሶሊያና የምትኖረው አሜሪካ፣ ቻርለስተን በምትባል ውቅያኖስ ዳር ያለች አሮጌ ከተማ ነው። ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። እናቷን ለጥቂት ወራት ወሰደቻት። ወንድዬ ኤርፖርት ድረስ ሸኝቷት ሲመለስ “ቤቱ ጭር አለ” አለኝ። ወጥ የሚቀምስ ጠፋ ማለቱ ነው።

እሱም ብዙ አልቆየም። ሰኞ ቀን ከብየዳ ቤቱ ለምሳ መጣ፤ “ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ” ብሎ ተጋደመ። ሻይ ይዤለት ስገባ በሕይወት አልነበረም። ልቡ ነው አሉ።

ድንኳኑ ሳይተከል የእድራችን ዳኛ ጋሽ ጉዲሳ አንድ ነገር ወሰኑ። “ፈለቀች በሰው አገር አይነገራትም። ደም ግፊት አለባት፤ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል? አገሯ ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል።” መርዶ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ለሶሊያና ግን እሳቸው ራሳቸው ደውለው ነገሯትና እናቷን አደራ አሏት። እኔን ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። “ስትደውል አንሺ። ድምፅሽን አስተካክይ። ካላነሳሽ ትጠረጥራለች።”

“እሺ” አልኩ። እምቢ ለማለትም አቅም ያስፈልጋል።

ማክሰኞ ወንድዬን ቀበርነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በር ላይ እጃችንን ስንታጠብ ስልኬ ጮኸ። ፈለቀች ናት። ሴቶቹ ዝም አሉ፤ ጋሽ ጉዲሳ በእጃቸው “አንሺው” አሉኝ።

“ሥርጉት! የት እንዳለሁ ብታውቂ! ጋሪ ላይ!”

“የምን ጋሪ?”

“የፈረስ ጋሪ ነዋ! አቃቂ ጋሪ ላይ የሚያየኝ ሰው እንዳይኖር ዕድሜ ልኬን ስሸሽ ኖሬ፣ አሜሪካ መጥቼ በጋሪ እየጎተቱኝ ነው። ቱሪስት ሁሉ ተሰልፎ ነው የሚሳፈረው። ደግሞ ስሚኝ፣ ፈረሱ ዳይፐር አድርጓል!”

“ምን?”

“ዳይፐር! በእመቤቴ! ፋንዲያው አስፋልት ላይ እንዳይወድቅ ከኋላው አስረውለታል። የቃሊቲን ባለጋሪ ይህንን አድርግ ብትይው በጅራፉ ነው የሚያባርርሽ።”

ሳቅሁ። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አፌ ራሱ ሳቀ። የታጠብኩበት ውኃ ከክርኔ ይንጠባጠባል፣ ሴቶቹ ያዩኛል።

“ካሜራሽን ክፈቺና ላሳይሽ።”

“ተበላሽቷል።”

“ወንድዬ አያሠራልሽም? ምን ይሠራል እሱ! ስጪኝ እስቲ።”

“ሥራ ላይ ነው፣ እትዬ።”

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ደወለች። ሶሊያና፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ማረፍ የማይሆንላት ልጅ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እናቷን ከጠዋት እስከ ማታ ታዞራት ነበር። ቤት ከተቀመጡ ፈለቀች ወንድሟን ታነሳለች፤ ካነሳችው ደግሞ ልጅቷ አትችለውም። ስለዚህ በእግር ወሰደቻት። ሮዝና ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ፣ ትከሻ ለትከሻ የተደገፉ የድሮ ቤቶች አሳየቻት። ውኃው ዳር የተደረደሩ መድፎች አሳየቻት። የድሮ የእርስ በርስ ጦርነታቸው የተጀመረበት ምሽግ ድረስ በጀልባ ወሰደቻት፤ ፈለቀች ጀልባው ላይ ውዳሴ ማርያም ስትደግም እንደነበር ነገረችኝ።

“ልጄ ግን ጥቁር መነጽሯን አታወልቅም” አለችኝ አንድ ቀን። “ዓይኗን አሟት ይሆን? ፀሐይ በሌለበትም ታደርገዋለች።”

“ፋሽን ይሆናላ” አልኳት።

ከተማዋ ቤተ ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን ናት ትላለች። አንዱን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከአስጎብኚ ጋር ሊያዩ ሲሄዱ ፈለቀች ደጁን ተሳልማ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ከኋላዋ ያሉት ፈረንጆች ደንቡ መስሏቸው አንድ በአንድ አወለቁ። አስጎብኚው ዞር ሲል ሕዝቡ ሁሉ በካልሲ ቆሟል። “ሶሊያና እንኳ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ለቅሶ ሆነባት” አለችኝ። “ምን ነካሽ ስላት፣ ደስ ብሎኝ ነው ትለኛለች።”

ባሪያ ይሸጥበት የነበረ ቤትም ወስዳታለች። ስለ እሱ ብዙ አላወራችም። ከዚያ ሲወጡ ገበያው ደጃፍ ጥቁር ሴቶች ሣር እየጠቀለሉ ስፌት ሲሰፉ አይታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። አሰፋፉ እንደኛው ነው፤ ወስፌ ብቻ የላቸውም፣ በተሳለ የማንኪያ እጀታ ነው የሚወጉት። አንዷ ሴትዮ ፈለቀችን ስታያት ቆየችና ማንኪያውን አቀበለቻት። ፈለቀች አንድ ዙር ሰፋችላት። ሳይነጋገሩ እስከ ምሳ አብረው ተቀመጡ።

ይህንን ሁሉ በምትነግረኝ ጊዜ እኔ ፍራሽ ላይ ነኝ። ሰው ይገባል፣ “እግዜር ያጽናሽ” ሊል አፉን ሲከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደርጋለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ያቋረጥኩትን ለቅሶ እቀጥላለሁ። በመጨረሻ ለቅሶውም ስልኩም አንድ ዓይነት ድካም ሆነብኝ።

ሶሊያና የመመለሻ ቲኬቷን ቀን አስቀድማ እናቷን ወደ አገሯ ላከቻት። ከኤርፖርት የተቀበሏት ዘመዶች በቀጥታ ወደ ገላን አስገቧት፤ አሳረፏት። ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደረጃውን ወጣን። በሩን ራሷ ከፈተች። ጋሽ ጉዲሳ “ፈለቀች ልጄ፣ ቁጭ በይ” ሲሏት አልተቀመጠችም። ፊታችንን አንድ በአንድ አየች። የምትፈልገው የሌለውን ሰው ነበር።

“ወንድዬስ?” አለች።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ሲበርድላት “መቼ ነው?” አለች። ነገርኳት። ስልኳን አምጡ አለችና ፎቶዎቿን ታገላብጥ ጀመር። የማክሰኞዋን አገኘቻት፤ ጋሪው ላይ አፏን ከፍታ ስትስቅ።

“አሳድጌው አፈር አላለበስኩትም” አለች። “እሱ ጉድጓድ ሲወርድ እኔ ፈረስ ላይ ነበርኩ።”

“ለአንቺው ብለን ነው” አሉ ጋሽ ጉዲሳ።

“እኔን ማን ጠየቀኝ፣ ጋሽ ጉዲሳ?”

ለቅሶ ልትቀመጥ እኔ ቤት መጣች፤ ሶሊያና ስትደውል ግን አላነሳም አለች። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አላነሳችም። “ሕፃን ይመስል በከረሜላ አታለለችኝ” ትላለች። ልጅቷ እኔ ጋ እየደወለች ታለቅሳለች፤ እኔም “ተኝታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች” እላለሁ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሥራዬ ውሸት ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻችንን ፍራሹ ላይ ተቀምጠን፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

“ያን ማክሰኞ ስደውል ምን እያደረግሽ ነበር?”

“ከቀብር ተመልሼ እጄን እየታጠብኩ።”

“እና ያን ሁሉ ስቀባጥር ሰማሽኝ?”

“ሰማሁሽ።”

“ስቀሽ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“ስቄያለሁ።”

“ሰው እያየሽ?”

“ሰው እያየኝ። ጎረቤቴ የተናኘ ሚስት እስካሁን ታወራብኛለች።”

አየችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ትቁጣኝ ብዬም ጠበቅሁ። እሷ ግን እጇን ጭኔ ላይ አሳረፈችና “እኔስ ለካ ሳላውቅ ነው የሳቅሁት፤ አንቺ እያወቅሽ” አለች። “እንዴት ቻልሽው?”

“አልቻልኩትም። ደክሞኝ ነው።”

በነጋታው ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሶሊያና ናት። እንደለመድኩት “እናትሽማ…” ብዬ ስጀምር ፈለቀች እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከዚያኛው ወገን ለቅሶ ብቻ ይሰማል።

“እዚያ ስንት ሰዓት ነው?” አለቻት በመጨረሻ።

ልጅቷ የሆነ ነገር መለሰች።

“ታዲያ ገና ሳይነጋ ምን አስነሳሽ? ሥራ የለብሽም ዛሬ? እንቅልፍ ሳትተኚ ልትሄጂ ነው? አንቺ ልጅ፣ ራስሽን ልትጥይ ነው እንዴ?”

ቁጣዋ እየጨመረ ሄደ። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ የምሳ ድስት ጥጄ ነበር።