ፍሪጃችን የተሰደደበት ሰሞን

አሰብ ላይ በነፃ የሚሰጥ ነገር ሙቀት ብቻ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። እሱንም ቀበሌ ያላከፋፈለው፣ ሰልፍ ቢያዝለት የሚመጣ ስለሌለ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ተመልሳ፣ "ቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከጻፈልን ሆስፒታሉ ኢንሱሊኑን ያለ ክፍያ ይሰጠናል አሉ" ስትለኝ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት በሩን መዝጋት ነው።

"ማን ነው ያለሽ?"

"ነርሷ።"

"ለአንቺ ለይታ ለምን ነገረችሽ?"

"ስኳር በሽተኛ ስለሆንኩ ነዋ! ለጤነኛ ትንገር?"

ነገሩ ለቀልድ የሚመች አልነበረም። ባለቤቴ መርፌዋን ካልተወጋች ትወድቃለች። እኔ ደግሞ ወደብ ላይ ጊዜያዊ ዕቃ ቆጣሪ ነበርኩ፤ መርከብ ሲመጣ እበላለሁ፣ መርከብ ሲጠፋ ባሕሩን አያለሁ። በዚያ ሰሞን ባሕሩን አይቼ አይቼ ዓሣዎቹ ሰላም ይሉኝ ጀምረው ነበር። መድኃኒቱን እስከዚያ የምንገዛው በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር በኩል ነው፤ ከአዲስ አበባ በረዶ በሞላው ቴርሞስ ይዞልን ይመጣል። እኔም ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ሳላገላብጥ አልቀበለውም።

"ምን ታያለህ?" ይለኛል።

"ውኃ እንዳልሞላኸው ነዋ።"

"አዋሽ ወርጄ ስቀዳ ማን ነገረህ?"

አሁን ለሱም የሚከፈል ጠፋ። የቀረን በተጋመሰ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ወረቀቱ የግድ ሆነ።

ችግሩ ፍሪጃችን ነበር። በደህናው ጊዜ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ መሐንዲስ የገዛነው፣ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ሲነሣ ወደብ ላይ ያሉ መርከቦች መልስ የሚሰጡት ዓይነት አጓሪ ፍሪጅ ነው። ቀበሌ ወረቀት የሚጽፈው ቤት ድረስ መጥቶ ድህነትህን በዓይኑ አይቶ ነው። ባለ ፍሪጅ ድሃ ነኝ የሚልን ሰው ደግሞ እንኳን ቀበሌ እኔም አላምነው።

ባለቤቴ "እውነቱን እንንገራቸው" አለች። ሴትየዋ እንዲህ በየዋህነቷ ነው የታመመችው ብዬ አልፌያት፣ አንድ ዓርብ ሰፈሩ ለጸሎት መስጊድ በገባበት ሰዓት፣ ሁለት ወዛደር ወዳጆቼን ይዤ ፍሪጁን ጎረቤታችን ዓሣ ሻጯ ቤት አስገባሁት። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከቢላዋዋ ይልቅ የሰላ ሴት ናት።

"እትዬ፣ ማንም ቢጠይቅሽ የራሴ ነው በይ። እኔ ራሴ ብለምንሽ እንኳ እንዳትለውጪ።"

"እሺ" አለች።

በጣም ቶሎ እሺ አለች። ያ እሺታ አላማረኝም። ብልቃጡን ለማየት በሄድኩ ቁጥር ፍሪጁ በዓሣ ተጠቅጥቋል፤ መድኃኒታችን በሁለት ዓሣ መሐል ግራና ቀኝ እንደተያዘ እስረኛ ተቀምጧል።

ሌላም ጣጣ ነበር። ፍሪጁ የቆመበት ግድግዳ ላይ መልኩ ቀርቷል። ሌላው ግድግዳ በአቧራና በጨው ጠይሟል፣ ያ ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ያበራል። ስለዚህ የቀበሌ ሰዎች ይመጣሉ በተባለበት ቀን ወንበር አስጠግቼ፣ ነጩን በጀርባዬ ጋርጄ ተቀመጥኩ።

እኩለ ቀን ላይ መጡ። አንዷ የቀበሌዋ ጓድ ናት፤ ፊቷ እንደታሸገ ፖስታ ነው። ሌላው ከጨው ማምረቻ ጡረታ የወጡ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው።

ወዓለይኩም ሰላም አልኩ፤ አልተነሣሁም። እኒህን የሚያህሉ ሰው ቆመው እኔ ወንበር ላይ! ባለቤቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ወገቤን አሞኝ ነው አባባ።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች ጓዷ።

"ከ... አሁን።"

"ታዲያ ወረቀቱን ለሁለታችሁ እንጻፈው?"

ባለቤቴ እፍረቷን ይዛ ለእንግዶቹ ውኃ ልታመጣ ወጣች። ጓዷ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው።

"ፍሪጅ አላችሁ?"

"ፍሪጅ? እኛ? እንኳን ፍሪጅ ጥላ የለንም!"

"እንግዲያው አይጻፍላችሁም" አለች። "ባለፈው ፍሪጅ ለሌላት ሴት ጻፍን፤ መድኃኒቱ እቤቷ በሙቀት ተበላሽቶ በቃሬዛ ሄደች። ሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው አትላኩብን ብሎናል።"

ወጥመድ ነው አልኩ በልቤ። አለኝ ብል ሀብታም ነህ፣ የለኝም ብል መድኃኒት የለህም። ይህን የፈለሰፈ ሰው ሹመት ይገባዋል። ይህን ሳሰላስል ባለቤቴ ጆግ ይዛ ገባች። በዚያ ቀትር የሞቀ ውኃ ለእንግዳ ማቅረብ አሰብ ላይ ከስድብ ይቆጠራል፤ እሷም ከጎረቤት ቀድታ ነው የመጣችው። ውስጡ በረዶ ይንኳኳል።

ሽማግሌው በረዶውን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

"ፍሪጅ አለን" አለች ባለቤቴ። "ጎረቤት ነው ያለው። ይሄ ነው የደበቀው።"

ተነሣሁ፤ ምን ላድርግ? ሽማግሌው ነጩን ግድግዳ በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ "ወገብህን ያሻለው አላህ ይመስገን" አሉኝ።

ሁላችንም ዓሣ ሻጯ ቤት ሄድን።

"ይህ ፍሪጅ የማን ነው?" አለች ጓዷ።

"የራሴ።"

"ከየት አመጣሽው?"

"ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣ ከጅቡቲ ነው ያመጣልኝ።"

ጅቡቲን እኔ አላስጠናኋትም! ወደ ባለቤቴ ዞሬ "በላችው፤ አላልኩሽም?" አልኩ። ከዚያ ለሴትየዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ "እትዬ፣ አሁን እውነቱን ንገሪያቸው" አልኳት።

እየፈተንኳት መስሏታል። ጠቀሰችኝና፣ "ይህን ሰውዬ አላውቀውም" አለች።

ባለቤቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው፤ ወረቀቱም ከነጓዷ በሩን ሊወጣ ነው። ይሄኔ ሽማግሌው ረጋ ብለው ተናገሩ።

"ወላሂ በይ።"

ጎረቤታችን መሬቱን አየች፣ ፍሪጁን አየች፣ በመጨረሻ በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ እኔ ላይ ዞረች።

"አንተ ሰውዬ! የተስማማነው ውሸቱን ነው። ወላሂ የሚባል ነገር መቼ ተነጋገርን?"

ሽማግሌው ሳቁ፤ ጓዷ አልሳቀችም። ፍሪጁን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ለዚህ ዝገት ነው ይህ ሁሉ?"

"ሀብታም አያሰኘኝም?" አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

"ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለስ። ነገ መጥተሽ ወረቀቱን ውሰጂ" አለች፤ ለባለቤቴ ነው፣ እኔንማ ቀና ብላም አላየችኝ።

በማግስቱ ሆስፒታሉ መስኮት ሥር ቆምን። ባለ መድኃኒቱ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አዲስ ብልቃጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለባለቤቴ ሰጣት።

"ሌላስ?" አልኩት።

"ሌላ ምን?"

"የምንፈርመው፣ የምንሰለፍበት፣ የምንዘምትበት..."

"ፀሐይ ሳይመታው ቶሎ ቤት አድርሱት።"

ባለቤቴ ብልቃጡን ደረቷ ላይ ይዛ በረረች። እኔ ከኋላ ከኋላዋ፣ አንድ ዓይኔን ወደ መስኮቱ ጥዬ፣ ተሳስተናል መልሱ የሚል ሰው ይኖራል እያልኩ እሮጣለሁ። ቤታችን እስክንገባ ማንም አልጠራንም።