የተወለወለ ቲማቲም

የትሕትና የእርግዝና አምሮት ጥሬ ቲማቲም ነው። ሚዛን ከተማ ገበያ ውስጥ የዘወትር ደንበኛዋን ብታጣው፣ እግሯ አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ፊት አቆማት። ሽማግሌው ቲማቲሙን እያነሳ ነጭ ነጠብጣቡ ላይ እንትፍ ይልና፣ ላቡን በሚጠርግበት ጨርቅ እስኪያብረቀርቅ ይወለውለዋል። በጀርባው የሚያዝለው የመድኃኒት መርጫ ማንገቻ የሸሚዙን ትከሻ በልቶታል፤ ጣቶቹም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አላቸው።

«ነጩ ነገር ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«መድኃኒት ነዋ! ትናንት ረጨሁት።»

«ትናንት ረጭተው ዛሬ ለቀሙት?»

«ገበያው ዛሬ ነዋ! ትል የነካውን እንደሆን እናንተ የከተማ ሰዎች ትጠየፋላችሁ» ብሎ ሳቀና ምሳውን ፈታ። ጎደሬና ጎመን ነው፤ ቲማቲም የሚባል በአጠገቡም አላለፈ።

ትሕትና ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሰሞኑን ሁሉ በጨው እያጠቀሰች የበላችውን ቲማቲም በልቧ ቆጠረች። ሌሎቹ ገዢዎች ግን የሚያብረቀርቀውን ለመምረጥ ይጋፋሉ።

ዘንቢሏን አንስታ ዞር ስትል ነጠላዋ ተንሸራተተና ሆዷ ታየ። ሽማግሌው ማኘኩን ተወ። ጎንበስ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነፍሰ ጡር ነሽ ለካ! ይሄስ ይቅርብሽ፣ ልጄ። ለሚቀጥለው ገበያ ብቅ በይ፤ እኛ ከምንበላው፣ መድኃኒት ካልነካው ቲማቲም አመጣልሻለሁ።»