ከበሩ ወዲያ ያዜምኩት

በር ቀስ እያለ ሲዘጋ አልወድም። “ወይ ክፈቱት፣ ወይ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉት!” ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን አውቀው።

በደርግ ጊዜ፣ አሰላ፣ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ድምፃዊት ነበርኩ፤ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። የሙዚቃ መምህራችን ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ይዘው መጡ። ኮከብ ቆጣሪዎች ስለ ፕላኔቶች የሚሉትን ይዞ፣ ለእያንዳንዱ ፕላኔት በትልቅ ኦርኬስትራ የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ ማርስ ጦርነት፣ ቬነስ ሰላም። የጭላሎ ተራራ ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድብ ስለማይሰማ፣ ጆሯችንን ማጫወቻው ላይ ለጥፈን እናዳምጥ ነበር። ይህን ሁሉ በክራር፣ በዋሽንትና በከበሮ እንጫወተዋለን ሲሉን፣ አብደዋል አልን። ግን እንዴት እንደምንወዳቸው ልንገርህ!

ማን የትኛውን ፕላኔት ይጫወት በሚለው ተጣላን። እሳቸውም እየሳቁ፣ “በሉ፣ ኮከባችሁን ልቁጠርላችሁ” ብለው ስማችንን ከነእናታችን ስም ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከጎኑ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ፕላኔት። ለእኔ የመጨረሻው ፕላኔት ደረሰኝ። ሸክላው ላይ እዚያ ሲደርስ ሴቶች ሌላ ክፍል ሆነው ያዜማሉ፤ ድምፃቸው እስኪጠፋ በሩ ቀስ እያለ ይዘጋል።

“መጥቼ እስክከፍትልሽ እንዳታቆሚ” አሉኝ።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ መንገድ ላይ አስቆመኝና ምን እንደምንለማመድ ጠየቀኝ። ልታይ ልታይ ማለት አብሮኝ የተፈጠረ ነው፤ ልገለብጠው ወስጄው የነበረውን የመምህሬን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ሲገልጠው ፊቱ ተለዋወጠ።

“ማርስ የሚባለው ማነው? ይሄ ቁጥርስ?”

“ኮከባችን ነው፣ ጓድ።”

“የኅቡዕ ስም ነው እንጂ!” ብሎ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ለመምህሬ አልነገርኳቸውም። ይቆጡኛል ብዬ እኮ ነው የፈራሁት፤ ቁጣ ብቻ መስሎኝ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ልምምድ ላይ፣ በሩን ራሳቸው ቀስ አድርገው ዘጉልኝ። ማዜም ጀመርኩ። ከወዲያ ክራሩ ድንገት ዝም አለ። የከባድ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፣ ወንበር ወደቀ።

“ልጆቹ ምንም አያውቁም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ” ሲሉ ሰማኋቸው።

እንዳታቆሚ ብለውኛልና አላቆምኩም። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አዜምኩ።

በሩን የከፈተችልኝ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። “በቃ፣ ኢንታላ ኮ፤ በቃ ልጄ፣ ወስደዋቸዋል” አለችኝ።

አልተመለሱም። ደብተሩን ማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለልጆቼም።